አራት ደቂቃ፦ የአሜሪካ ምድር ባቡር የኪስ ሰዓት ታሪክ

ኤፕሪል 18 ቀን 1891፣ ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጩ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ደብዳቤ ጭኖ የሚከንፍ ፈጣን የፖስታ ባቡር ነበር። ሌላኛው በየከተማው እየቆመ ሰው የሚያወርድና የሚጭን የመንገደኛ ባቡር። የሁለቱም ባቡሮች ነጂዎችና 6 የፖስታ ሠራተኞች ሞቱ።

ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው። የመንገደኛው ባቡር ኪፕተን ላይ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ፈጣኑን እንዲያሳልፍ ታዟል። ግን መንገድ ላይ የነጂው የኪስ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና መቁጠር ጀመረ። ነጂው ከመጨረሻው ጣቢያ ሲነሳ ኪፕተን ለመድረስ 7 ደቂቃ ትርፍ ያለው መስሎታል። የነበረው ግን 3 ነው።

የአሜሪካ ምድር ባቡር ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። አንድ አሮጌ ሃሚልተን ወይም ዋልታም ለጨረታ ሲቀርብ የኪፕተን ነገር መነሳቱ አይቀርም። እኔም ወደዚህ ዓለም የገባሁት በዚሁ በር ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ፣ 4 ደቂቃ ወደኋላ የቀረ ሰዓት ሰው ሊገድል ይችላል የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። እየቆየሁ ስሄድ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ነጂው ሞቷል። ሰዓቱ 4 ደቂቃ ቆሞ ራሱ መነሳቱን ታዲያ ማን ነገረን? ወደዚህ እንመለሳለን። መጀመሪያ አንድ የኪስ ሰዓት የስንት ሰው ሕይወት እንዴት ሊሸከም እንደቻለ እንይ።

አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር

በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ሂያጁም መጪውም በዚያው ነው። ሬዲዮ የለም። ቴሌግራፍ አለ፤ ግን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንጂ እየሄደ ላለ ባቡር አይደርስም። ነጂው ከጣቢያ ከወጣ በኋላ ቀጣዩ ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ "ቁም!" የሚለው ማንም የለም።

ስለዚህ ባቡሮቹን የሚለያያቸው ወረቀትና ሰዓት ነበር። ወረቀቱ የጊዜ ሰሌዳው ነው። የትኛው ባቡር ቀዳሚ፣ የትኛው አሳላፊ እንደሆነ ደንብ ይወስናል፤ አንደኛ ደረጃው ከሁለተኛው ይቀድማል፣ ደረጃቸው እኩል ከሆነ አቅጣጫ ይለያቸዋል። አሳላፊው ባቡር፣ በተለመደው ደንብ፣ ቀዳሚው ከሚደርስበት ሰዓት ቢያንስ 5 ደቂቃ አስቀድሞ ከዋናው ሐዲድ ወጥቶ የጎን ሐዲድ ላይ መቆም አለበት። ቀዳሚው ባቡር አሳላፊውን ፍለጋ ፍጥነት አይቀንስም። ደንቡ ተከብሯል ብሎ ይከንፋል።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች ይህ ሥዕል አዲስ አይሆንባችሁም። ብዙ ማሽኖች አሉ፣ ሁሉም አንድ ሀብት ይጋራሉ፣ እርስ በርስ መነጋገር አይችሉም ወይም ዘግይተው ነው የሚሰሙት፣ እና ማን ቀደመ የሚለውን የሚወስኑት እያንዳንዳቸው በያዙት ሰዓት ነው። ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የኮምፒውተሮች ሰዓት እርስ በርስ ሳይስማማ የድርጊቶችን ቅደም ተከተል እንዴት ማወቅ ይቻላል ብሎ የጠየቀው ይህንኑ የመሰለ ችግር ነው። ጎግል በ2012 ስፓነር የተባለውን ዳታቤዙን ሲያስተዋውቅ ደግሞ ሌላ መልስ ይዞ መጣ። እዚያ ሲስተም ውስጥ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብትሉት አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አይሰጣችሁም፤ "ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነው" ይላል። ጥርጣሬው እስኪያልፍ ድረስም ይጠብቃል። የባቡሮቹ 5 ደቂቃ ይኸው ነው። የማንም ሰዓት ፍጹም እንዳልሆነ ታውቆ አስቀድሞ የተቀመጠ የጥርጣሬ መጠን።

ችግር የሚመጣው ስህተቱ ከተቀመጠው መጠን ሲያልፍ ነው። ከኪፕተን ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1853፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ቫሊ ፎልስ በሚባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ከ10 ሰው በላይ ሞቷል። እዚያም የአንዱ ባቡር ኃላፊ ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ማለትም ችግሩ ለ40 ዓመት ያህል ይታወቅ ነበር።

የማን ሰዓት?

ሰዓቱ በትክክል ይሠራል እንበል። በማን አቆጣጠር ነው ትክክል የሚሆነው? ይህ ለእኛ እንግዳ ጥያቄ መሆን የለበትም። ያንኑ የፈረንጅ ሰዓት ክንዳችን ላይ አስረን፣ ትልቁም ትንሹም ቆጣሪ 12 ላይ ሲገጥም "ስድስት ሰዓት" የምንል ሰዎች ነን። ሰዓት ስምምነት መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

አሜሪካ ውስጥ እስከ 1883 ድረስ እያንዳንዱ ከተማ እኩለ ቀን የሚለው ፀሐይ በራሱ አናት ላይ ስትሆን ነበር። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ በሄዳችሁ ቁጥር ፀሐይ 4 ደቂቃ ትዘገያለች። በእኛ አገር ብናስበው ጅግጅጋና ጋምቤላ በፀሐይ ብቻ ቢተዳደሩ ሰዓታቸው ከ30 ደቂቃ በላይ ይለያይ ነበር። በቅሎ ለሚጋልብ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለባቡር ግን ሞት ነው። የባቡር ኩባንያዎቹ እያንዳንዳቸው የዋና መሥሪያ ቤታቸውን ወይም የአንድ ትልቅ ከተማን ሰዓት ይዘው ይሠሩ ስለነበር በአገሪቱ 50 ያህል የተለያየ "የባቡር ሰዓት" ነበር።

ኖቬምበር 18 ቀን 1883፣ እሑድ፣ ኩባንያዎቹ ተስማምተው አገሩን በሰዓት ቀጠና ከፋፈሉት። መንግሥት አላዘዘም፤ ሕግ ሆኖ የጸደቀው ከ35 ዓመት በኋላ በ1918 ነው። በዚያ ቀን በብዙ ከተማ እኩለ ቀን ሁለት ጊዜ ሆነ፦ አንዴ በፀሐይ፣ አንዴ በቴሌግራፍ። ኒው ዮርክ ላይ ሰዓቱ ወደኋላ የተመለሰው 4 ደቂቃ ገደማ ነበር። ኪፕተን ላይ ጠፋ የተባለው ያህል ማለት ነው።

ትክክለኛው ሰዓት የሚመጣው ከሰማይ ነበር። ፒትስበርግ አጠገብ ያለው የአሌጌኒ የከዋክብት መመልከቻ ከ1869 ጀምሮ ከዋክብትን እያየ የሚያስተካክለውን ሰዓት በቴሌግራፍ ሽቦ ለፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ከኮከብ ወደ መመልከቻው፣ ከመመልከቻው ወደ ጣቢያው የግድግዳ ሰዓት፣ ከግድግዳው ወደ ነጂው ኪስ። ዛሬ ስልካችሁ ሳይነግራችሁ ሰዓቱን ከሰርቨር ጋር የሚያስተካክለው በዚሁ ዓይነት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ ቀጭኑ ቀለበት የመጨረሻው ነበር፦ ኪሱ።

እያንዳንዱ ደንብ የስህተት ጠባሳ ነው

ከኪፕተን በኋላ የመስመሩ ባለቤት፣ የሌክ ሾር ባቡር ኩባንያ፣ ዌብ ቦል የሚባል የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ ጠርቶ ዋና የሰዓት ተቆጣጣሪ አደረገው። እሱም ሌሎች መስመሮችም በተከታዮቹ ዓመታት ያወጡት ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዋና ዋናው ግን ተመሳሳይ ነው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ እያንዳንዱን መስመር ስታነቡ ከጀርባው የሆነ ቀን የደረሰ ስህተት ይታያችኋል።

ፊቱ ክፍት ይሁን፣ ክዳን አይኑረው። ጨለማ ውስጥ፣ በሚንቀጠቀጥ ባቡር ላይ፣ በአንድ እጁ ክዳን የሚከፍት ነጂ ጊዜ ያባክናል። ቁጥሮቹ ጥቁርና ወፍራም ይሁኑ፤ የሮማ ቁጥር በችኮላ ሲታይ ያምታታል። መሙያው 12 ቁጥር አናት ላይ ይሁን፤ ሰዓቱ ከኪስ ሲወጣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲነበብ። በኋላ በሳንታ ፌ መስመር የሰዓት ተቆጣጣሪ የነበረው ሄንሪ ሞንትጎመሪ ከዚህም አልፎ 60ዎቹም ደቂቃዎች እያንዳንዳቸው በቁጥር የተጻፉበትን ፊት አመጣ። "ወደ 20 ጉዳይ አካባቢ" የሚባል ነገር እንዳይኖር።

የእኔ ተወዳጅ ደንብ የማስተካከያዋ ምላስ ነች። በተራ ሰዓት ቆጣሪውን ለማስተካከል መሙያውን ሳብ ታደርጋላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ጠዋት ሰዓቱን የሚሞላ ነጂ ግን ሳያውቅ መሙያውን ሳብ ቢያደርገው ሰዓቱን ያዛባል፤ መዛባቱንም አያውቅም። ስለዚህ የባቡር ሰዓት እንዲህ እንዳይስተካከል ተከለከለ። የፊቱን መስታወት ከነቀለበቱ ፈትታችሁ፣ ከጠርዙ ስር የተደበቀች ቀጭን ምላስ በጥፍር ስባችሁ፣ ያኔ ብቻ ነው ቆጣሪው የሚዞረው። ዛሬ አንድ ዳታቤዝ ልትሰርዙ ስትሉ "እርግጠኛ ከሆንክ ስሙን ደግመህ ጻፍ" እንደሚለው ነው። ሆን ብሎ ማስቸገር።

ወደ ውስጥ ስንገባ ማሽኑ ቢያንስ 17 ድንጋይ ይኑረው ይላል፤ በኋላ 21 ድንጋይ ያለው የተለመደ ሆነ። ድንጋዩ ሩቢ ነው፤ ግን ለጌጥ አይደለም። የሚሽከረከሩት ዘንጎች ጫፋቸው ብረት ላይ ቢቀመጥ ብረት ብረትን ይበላል፤ ሩቢ ላይ ሲቀመጥ ግን ለዓመታት ሳይፋቅ ይዞራል።

ከዚያ አቀማመጥ አለ። የኪስ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሲጋደምና ኪስ ውስጥ ሲቆም እኩል አይሄድም፤ የመሬት ስበት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ጎማ በተለያየ መንገድ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሰዓቱ በ5 አቀማመጥ ተሞክሮ ይስተካከላል፦ ፊቱ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች፣ መሙያው ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ስድስተኛው፣ መሙያው ወደ ታች፣ ግዴታ አልነበረም። ሰዓቱን ዘቅዝቆ ኪሱ የሚከት ሰው የለማ።

ሙቀትም አለ። ፀጉር የምታክለው ጠመዝማዛ ሽቦ ስትሞቅ ትላላለች፣ ሰዓቱም ወደኋላ ይቀራል። መፍትሔው የጎማውን ጠርዝ ከናስና ከብረት አጣብቆ መሥራት ነበር። ሁለቱ ማዕድናት በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጎማውም በዚያው ልክ ይፈጥናል። አንዱ ጥፋት ሌላውን ያጣፋል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚጠየቀው በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይሳሳት ነው። በሳምንት 604,800 ሰከንድ አለ። ሰዓቱ በሰከንድ 5 ጊዜ ስለሚመታ በሳምንት ከ3 ሚሊዮን በላይ ይመታል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሊያጎድል ወይም ሊያስበልጥ የሚፈቀድለት 150 ምት ብቻ ነው። ባትሪ በሌለው፣ በሞላ በሚሠራ፣ የድንጋይ ከሰል ጭስና መንቀጥቀጥ መሐል በሚውል ማሽን! ይህንን ደግሞ አንድ ባለ እጅ ሳይሆን ፋብሪካ ነው በብዛት የሠራው። ማሳቹሴትስ ያለው ዋልታም፣ ኢሊኖይ ያለው ኤልጂን፣ በ1892 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የተቋቋመው ሃሚልተን። በ1876 የፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ የዋልታምን ማሽኖች ያዩ ስዊሶች ደንግጠው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት።

ሙት ወቃሽ አያድርገን

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሞተ ሰው ሰዓት ቆሞ መነሳቱን ማን አወቀ?

ታሪኩ በብዛት የተሰራጨው በራሱ በቦል በኩል ነው። ቦል ደግሞ ሰዓት ሻጭ ነበር። ፋብሪካ አልነበረውም፤ ከሃሚልተን፣ ከዋልታምና ከሌሎችም ማሽን እየገዛ፣ እየመረጠ፣ የራሱን ስም አትሞበት ይሸጥ ነበር። ደንቡን የሚያወጣው፣ ሰዓቱን የሚመረምረው፣ ደንቡን የሚያሟላውን ሰዓት የሚሸጠው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ዋሽቷል አልልም። ግን አንድ መጥፎ ሰዓት 8 ሰው ገደለ የሚለው ታሪክ ማንን እንደሚጠቅም ማሰብ አይከፋም።

ሰዓቱን የሚገዛው ማን ነበር? ሠራተኛው። ነጂው፣ ኮንዳክተሩ፣ ፍሬን ያዡ፣ ሁሉም ከገዛ ኪሳቸው፣ ብዙ ጊዜም በየወሩ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ። ከ1896 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኢንገርሶል የሚባል ተራ የኪስ ሰዓት በ1 ዶላር ይገኝ ነበር። የባቡር ሰዓት ግን በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል፤ ማጽጃውና ማደሻውም የሠራተኛው ነው። ምርመራውን ካላለፈ ሥራ የለም።

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ የተፈጠረውን ማየት ጥሩ ነው። ጁን 12 ቀን 1889፣ ከኪፕተን ሁለት ዓመት በፊት፣ አየርላንድ ውስጥ አርማ በምትባል ከተማ አጠገብ በደረሰ የባቡር አደጋ 80 ያህል ሰው ሞተ። እዚያም ባቡሮቹን የሚለያያቸው ሰዓት ነበር፤ አንዱ ከወጣ የተወሰነ ደቂቃ ሲያልፍ ሌላው ይከተላል። የእንግሊዝ ፓርላማ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ሰው የሚጭኑ መስመሮች በሙሉ ሐዲዱን በክፍል ከፋፍለው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ሌላው እንዳይገባ በምልክት እንዲከለክሉ አስገደደ። ባቡሮችን በጊዜ ሳይሆን በቦታ መለየት ማለት ነው። ወጪው የኩባንያው ነው።

እርግጥ የአሜሪካ መስመር ከእንግሊዝ ጋር አይወዳደርም፤ ርቀቱ ሌላ፣ ገንዘቡ ሌላ። ምልክት የተተከለባቸው መስመሮችም ነበሩ። ቢሆንም ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የማየው ይህን ነው፦ አንዱ ጋ "ሲስተሙ ተሳስቷል" ተባለ፤ ሌላው ጋ "የሟቹ ሰዓት ተሳስቷል"። እኛ አገር ስለ ሞተ ሰው ክፉ ከማንሳታችን በፊት "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" እንላለን። ኪፕተን ላይ ሟቹ ተወቀሰ፣ ታሪኩም ከ130 ዓመት በላይ እንዲያው ሲነገር ቆየ።

ግን ያው ታሪክ፣ ራሱ ቦል በነገረው መንገድ እንኳ፣ ሌላ ነገር በውስጡ ይዟል። ባቡሩ ላይ ሌላም ሰዓት ነበር። ኮንዳክተሩ የራሱ ሰዓት ነበረው። በመንገድ ሁሉ ከኪሱ አላወጣውም፤ ነጂው ያየዋል ብሎ ተማምኗል። ስለዚህ የጎደለው ጥሩ ሰዓት ብቻ አልነበረም። "የእኔ እንዲህ ይላል፣ ያንተስ?" የሚል ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት በትክክል ያረመው ይህንን ነው። ኮንዳክተሩና ነጂው ከመነሳታቸው በፊት ሰዓታቸውን እንዲያስተያዩ ተገደዱ። በየመስመሩ የተመደቡ ሰዓት ሠሪዎች ሰዓቱን በየጊዜው፣ ብዙ ቦታ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አስተያይተው ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደቀረ ሠራተኛው በሚይዘው ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ሰዓቱ መሳሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱ ግን 4 ደቂቃ ከመድረሱ በፊት፣ ገና ጥቂት ሰከንድ ሳለ ይታያል።

ዛሬ አንዱን ብታገኙ

እነዚህ ሰዓቶች በብዛት ስለተሠሩ ዛሬም ይገኛሉ። እኔ ዘንድ ያለው አንድ ሃሚልተን 992 ነው፤ 16 ሳይዝ፣ 21 ድንጋይ፣ አሁንም ይሠራል። "16 ሳይዝ" ማለት የማሽኑ ስፋት 43 ሚሊሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

ማየት ለምትፈልጉ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀፎውን አትመኑት። ያኔ ማሽኑና ቀፎው ለየብቻ ነበር የሚሸጡት፤ ገዢው ሱቅ ገብቶ ማሽን ይመርጣል፣ ቀፎ ይመርጣል፣ ሰዓት ሠሪው ይገጥምለታል። ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት የሚነግራችሁ ቀፎው ላይ ያለው ሳይሆን ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ነው። ጀርባው ላይ የሚያምር ባቡር የተቀረጸበት ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ የባቡር ሰዓት አይደለም፤ ባቡር ለሚወድ ሰው የተሸጠ ርካሽ ሰዓት ነው። እውነተኛው ባቡሩን አይሥልም፤ ማሽኑ ላይ በ5 አቀማመጥ መስተካከሉን ይጽፋል። መሙያው በ3 ቁጥር በኩል ከሆነም ባለ ክዳን ለመሆን የተሠራ ማሽን ክፍት ቀፎ ውስጥ ተገጥሟል ማለት ነው፤ ተቆጣጣሪው አያሳልፈውም ነበር።

የጀርባውን ክዳን ፈትታችሁ ከውስጥ በኩል ወደ ብርሃን አዘንብሉት። በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች ልታዩ ትችላላችሁ። ሰዓቱን ያጸዱ፣ ያደሱ ሰዓት ሠሪዎች ለራሳቸው የተዉት ምልክት ነው። እኛ ኮድ ስንቀይር ማን መቼ ምን እንደነካ እንደምንመዘግበው።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ጸጥ ያለ ነው። በ1922 የፌዴራሉ የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን ትልልቆቹን ኩባንያዎች ነጂው ምልክት ቢያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ እንዲተክሉ አዘዘ። በ1927 እዚያው ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሰው ክፍሉ ተቀምጦ የረጅም መስመር ምልክትና መቀያየሪያ የሚያዝበት ሥርዓት መጀመሪያ ተተከለ፤ ኩባንያው የድሮውን የሌክ ሾር መስመር የጠቀለለው ኒው ዮርክ ሴንትራል ነበር። ሬዲዮ ተከተለ። በ1960ዎቹ አኩትሮን የሚባል ባለ ባትሪ የእጅ ሰዓት ለባቡር ሠራተኛ ተፈቀደ፤ ሃሚልተን በ1969 የመጨረሻዎቹን የባቡር የኪስ ሰዓቶች ሠርቶ አቆመ።

ሰብሳቢዎች ድንጋዩን ይቆጥራሉ፣ ቀፎው ወርቅ ነው አይደለም ይከራከራሉ። እኔ ጨረታ ላይ ቀድሜ የምፈልገው ካርዱን ነው። ያ በየሁለት ሳምንቱ የተጻፈበት፣ ጠርዙ የተበላ፣ ዘይት የነካው ወረቀት። "+4 ሰከንድ"፣ "−7 ሰከንድ"፣ ከጎኑ ፊርማ። ከእያንዳንዷ መስመር ጀርባ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሌላ ሰው ያሳየ አንድ ሠራተኛ አለ።